የአንዲት ላም ወተት

በዚያ የቅበላ እሑድ ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የግቢውም የላሟም ባለቤት እትዬ አስካለ። ከክር ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጋሽ በቀለ። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሱቅ የከፈተው የስልጤው ሸምሱ። ሚስቱ ራድያ። በራድያ እቅፍ ውስጥ የተኛችው፣ አንገቷ ገና ያልጠናው ልጃቸው ሕያት። የከብት ሐኪሙ ፍቃዱ። ከኋላ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል የተከራየሁት እኔ። በመካከላችን ደግሞ ሻሺቱ ቆማለች። ጥቁር የፈረንጅ ዲቃላ ናት፤ ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ አለ፤ ሆዷ በሁለት ጎን ወጥቷል፤ ዓይኗ እርጥብና ትዕግሥተኛ ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ፣ የከተማው ባቡር ከሚያበቃበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የሞባይል ካርድ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ወጣት ሴት ሒሳቡን ተቀብላ ካርዱን ሳትሰጠኝ ፊቴን ታየኝ ጀመር።

«እርስዎ መሐንዲሱ አይደሉም እንዴ? የእትዬ አስካለ ግቢ?»

መሐንዲስ ሆኜ አላውቅም። በሰቃ ውስጥ አንድ ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት እበይድ ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ጋሽ በቀለ ናቸው፤ እትዬ አስካለን ሳግዝ ለላሟ ድርቆሽ የምሰጠው በሚዛን እየመዘንኩ ስለነበር።

«እኔ ሕያት ነኝ» አለች። «የሸምሱ ልጅ። አባዬ አንድ ፎቶ አለው፣ እርስዎም አሉበት። በዚያች ላም ወተት ነው ያደግሽው ይለኛል።» ሳቀች፤ ስትስቅ ቁርጥ እናቷን ናት። «የሌላ ላም ወተት ብንሰጥሽ ኖሮ ትሞቺ ነበርም ይላል። እውነት ነው?»

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የትኛው መልስ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳትና ካርዴን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጭስና አቧራ ነበር። ከየት እንደመጣ ባላውቅም የፍሩሽካ ሽታም ሸተተኝ፤ በውኃ የራሰ፣ ለብ ያለ ፍሩሽካ። ጸጉሬ ሸብቶ፣ በዚያ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ወዲያው በዚያ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

መንግሥት ተቀይሮ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ ሰው ስለ አዲሱ ነገር ሲያወራ ገና ግራና ቀኝ የሚያይበት ዘመን ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ያኔ ገና በሰፈራችን በአቃቂ ያልፋል፤ ፊሽካው ሲሰማ ሻሺቱ ጆሮዋን ታቆማለች። ጠዋት የክር ፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ፣ ጋሽ በቀለ ጡረታ ወጥተውም ቢሆን ከአልጋቸው ዘለው ይነሳሉ፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው ራሳቸውን ይሳደባሉ። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ሲመጣ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። እኔ ከሳሪስ አቦ ገበያ የገዛሁትን፣ እጅጌው ከእጄ የረዘመ የሰልባጅ ጃኬት እለብሳለሁ፤ በረት የምጠርገው በኮንጎ ጫማ ነው። ሸምሱ ሱቅ ውስጥ አንዲት ቴፕ አለች፤ ባትሪዋ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ድምፁን ይጎትታል፤ ሸምሱም ባትሪውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። አንድ ሊትር ወተት ሁለት ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ግን እነዚያ ብሮች ናቸው እትዬ አስካለን ያቆሟቸው። ባላቸው ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር፤ ሲሞቱ የተረፈውን ሰብስበው የገዙት ሻሺቱን ነው። ሌላ ነገር የላቸውም። የእኔና የሸምሱ ኪራይ ለመኖዋ እንኳ አይበቃም ነበር።

ስለ ላም የማውቀውን ያገኘሁት ከሦስት ቦታ ነው፦ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ከገዛሁት ሽፋን የሌለው የግብርና መጽሐፍ፣ ከፍቃዱ፣ ከራሷ ከሻሺቱ። ላም ልትወልድ ሁለት ወር ገደማ ሲቀራት መታለብ ማቆም አለባት። ማንጠፍ ይባላል። በዚያ ጊዜ ጡቷ ያርፋል፤ የሚመጣውን ወተት ያዘጋጃል፤ ጉልበቷን ለጽንሱ ታውላለች። እትዬ አስካለ ይህን ከማናችንም በፊት ያውቁ ነበር፤ የራሳቸው ዘዴም ነበራቸው። ሻሺቱን የሚያስጠቁት ማንጠፊያዋ ከዐቢይ ጾም ጋር እንዲገጥም አስበው ነው። በጾም ወተት የሚገዛ ክርስቲያን የለም፤ ላሟ ታርፋለች። ለፋሲካ ስትወልድ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ ጣሳውን ይዞ በሩ ላይ ይሰለፋል። «ሻሺቱም እንደኛው ናት፤ ጾማ ትፈስካለች» ይሉ ነበር። የመጨረሻው ወተት የሚታለበው በቅበላ ዕለት ነው። ያን ዕለት ወተቱ አይሸጥም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠጣዋል። ከዚያ ፍቃዱ በየጡቱ ጫፍ ቀጭን የመድኃኒት ቱቦ ያስገባና ይጨምቃል፤ እስክትወልድ ድረስ ጡቷን ማንም አይነካም።

በዚያ ዓመት ግን ሕያት ነበረች።

ራድያ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ጡቷ አብጦ ቆሰለ፤ መግል ያዘ፤ ወተቷም ጠፋ። ሕፃኗን ያቆያት በውኃ ቀጥኖ የተፈላ የሻሺቱ ወተት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ክርስቲያን እስላም ሳይሉ በአንድ ቃል ያዘዙት ነገር ቢኖር፣ ሕፃን የሚጠጣው የአንዲት ላም ወተት ብቻ መሆን አለበት የሚለውን ነው። ወተት ከወተት ከተደባለቀ ሆዱ ይገለበጣል ይባላል። እኔም እንዲሁ ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝ፤ መጽሐፌም ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረውም። ቅበላ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንግዲህ ሻሺቱ ልትነጥፍ ነው ተብሎ ከበሰቃ ከአንድ ሰው ላም ወተት መጣ። በቢጫ ጀሪካን እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ በጋሪ ይመስለኛል የመጣው። ሕያት ጠጣች። ከሰዓት በኋላ ማስመለስ ጀመረች፤ እስኪመሽ አላቆመችም፤ ከናፍሯ ነጣ። ሸምሱ ሱቁን ሳይዘጋ ልጁን ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ አየሁት። ስትመለስ የሻሺቱን ወተት ሰጧት፤ ተረጋጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ የሚያከራክር አልሆነም።

እናም በቅበላው እሑድ ወተቱን ጠጥተን ስናበቃ ፍቃዱ ቱቦዎቹን ከቦርሳው አወጣ።

«ዘንድሮ መድኃኒቱ ይቅር» አሉ እትዬ አስካለ።

«ለምን እትዬ?»

«ሸምሱ የቆርቆሮ ወተት አምጥቷል። ልጅቱ ከተስማማት ጥሩ። ካልተስማማት ግን…» ወደ ሻሺቱ ዞሩ። «አንዲት ኩባያ ናት። ለአንዲት ኩባያ ላም አትሞትም።»

ፍቃዱ ቱቦውን በጣቶቹ መካከል ያሽከረክር ጀመር። «ኩባያዋ አይደለችም እትዬ። መታለብ ስታቆም የጡቷ ጫፍ በራሱ እንደ ሰም ባለ ነገር ይደፈናል። በየቀኑ ከነኩት ክፍት ይሆናል። በሩን ክፍት ትተው እንደ መተኛት ነው።»

«መሐንዲሱ ምን ይላል?» አሉ ጋሽ በቀለ ጢማቸው ላይ ወተት እንዳለ። «መጽሐፉን ገልጠህ ንገረና! ወይስ ይሄን ገጽ አይጥ በልቶታል?»

«መጽሐፉም ፍቃዱም አንድ ነው የሚሉት» አልኩ።

«እንግዲህ ለመጽሐፉ ወተት አጠጡት» አሉ እትዬ አስካለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ራድያ ብቻ አልሳቀችም። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ መሬት መሬት ታይ ነበር።

የቆርቆሮው ወተት አልተስማማትም፤ ተቅማጥ ያዛት። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ ድርቆሽ ይዤ በረት ስገባ እትዬ አስካለ ሻሺቱ ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። ድርቆሹን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። የሚነጥፍ ጡት እንዴት መምሰል እንዳለበት አውቃለሁ፦ መጀመሪያ ይወጠራል፤ ከዚያ ወተቱ ወደ ሰውነቷ ተመልሶ ይሟሽሻል፤ ይሸበሸባል። የሻሺቱ ግን ወይ አልተወጠረ ወይ አልሟሸሸ። የጡቷ ጫፎች እርጥብ ነበሩ።

«አትየኝ እንዲህ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይህ እኮ…»

«አውቃለሁ። ልጅቱ ትሙት ልበል?»

የምችለውን ግን አደረግሁ። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ እያመጣሁ በየቀኑ ጉዝጓዟን እቀይራለሁ። ከመታለቧ በፊት ጡቷን በሞቀ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ፤ ከታለበች በኋላ ፍቃዱ የሰጠኝን አዮዲን አስነካታለሁ። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ አቆምኩ፤ ወተት እንዳይበረታ ደረቅ ድርቆሽ ብቻ ሰጠኋት። ፋጉሎው ሲቀርባት ሻሺቱ ባዶ ገንዳዋን እየላሰች ታየኝ ነበር። ልቤ ግን አላረፈም። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ሳይጠበቅ መጣ፤ የበረቱ ወለል የቱንም ያህል ብጠርገው ጨቀየ፤ ዝንቡ በዛ። በዚያው ሰሞን፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጣራ የማይጠፋው ያ ራሰ መላጣ ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ የምንለው፣ መጥቶ አጥራችን ላይ ቆመ። አንድ ብቻውን ነበር። ጋሽ በቀለ በድንጋይ አባረሩት። በማግሥቱ ተመልሶ ቆመ።

«አዛውንት ይመስላል» አሉ ጋሽ በቀለ። «ካፖርቱን ለብሶ ለቅሶ የሚጠብቅ።»

«አፍዎን ይሰብስቡ!» አሏቸው እትዬ አስካለ ከውስጥ።

በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ ማለዳ እትዬ አስካለ ጠሩኝ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከራሳቸው የማይወርደውን ጥቁር ሻርፕ አውልቀው መዳፋቸው ላይ ዘርግተውታል። ከኋላ ከቀኙ ጡት ጥቂት አልበውበታል። ጥቁሩ ላይ ነጫጭ እንክብሎች ቀርተዋል፤ እንደ አይብ የጓጎሉ። ጡቷን ነካሁት፤ ይፋጃል። ሻሺቱ እግሯን አነሳች፤ ረግጣ አታውቅም ነበር።

ፍቃዱ በዚያው ቀን መጣ። «አሁን ሁለት መንገድ አለ። አራቱንም ጡት ዛሬ አክሜ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ማንም አይነካትም። ከዳነች ትድናለች። ካልሆነ ይሄ ነገር እስክትወልድ አብሯት ይቆያል፤ ስትወልድ ይነሳባታል።»

«የታመመውን ብቻ አክምልኝ። ለልጅቱ ከሌላው ጡት አልባለሁ።»

«መድኃኒቱ በዚያኛውም ጡት ወደ ልጅቱ አይደርስም ብዬ አላረጋግጥልዎትም።»

«እንግዲያውስ ንገረኝ። ልጅቱ ምን ትጠጣ?»

ፍቃዱ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «እኔ የከብት ነኝ፣ እትዬ።»

ራድያ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ጡቷ ገና በጨርቅ እንደታሰረ ነው። «እትዬ፣ ወላሂ ይብቃት» አለች። «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ያረገዘች ላም እንዲህ አትደረግም። የልጄን ነገር አላህ ያውቃል።»

«አንቺ ዝም በይ! ጡትሽን አድኚ።» ኩባያዋን አንስተው ወደ ሻሺቱ ግራ ጎን ዞሩ። ፍቃዱ ሳያክማት ቦርሳውን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ጸጥታው ነው። ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፤ የሸምሱ ቴፕ ዝም ብላለች፤ ሰው ሁሉ ረጋ ብሎ ይራመዳል። እትዬ አስካለ የታመመውን ጡት ጠዋትና ማታ በሞቀ የጨው ውኃ ያሹታል፤ የጓጎለውን አውጥተው መሬት ቆፍረው ይቀብሩታል። ትኩሳቱ አንዳንድ ቀን ይበርዳል፤ ደስ ይለናል፤ በማግሥቱ ይመለሳል። ሕያት ግን ወፈረች። ጉንጯ ሞላ፤ ሰው ለይታ መሳቅ ጀመረች። ሸምሱ ሱቁ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣትና «ስኳር ናት! ስንት ኪሎ ልጠቅልልዎ?» እያለ ደንበኛ ያስቃል። ደንበኞች መንገድ ላይ እትዬ አስካለን ያስቆሟቸዋል። «ለፋሲካ የኔን ሁለት ሊትር እንዳይረሱ።» «አልረሳም» ይላሉ። ስትወልድ የሚመጣው ወተት ሁሉ ገና ሳይመጣ ባለቤት ነበረው። ማታ ማታ መኖ ነጋዴው ደጃፍ ቆመው ለዱቤ ሲለማመጡ አያቸዋለሁ። ሻሺቱ ከተነሳች ሁሉም ይነሳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በሆሳዕና ሰሞን የጋሽ በቀለ ላም በደህና ወለደች። በአጥሩ በኩል የጥጃዋን ድምፅ ስትሰማ ሻሺቱ ረጅም ጊዜ ወደዚያ ዞራ ቆመች።

የስቅለት ዕለት ማለዳ ሻሺቱ ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ያው ሻሽ አለ። እትዬ አስካለ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ቀኑ ትዝ ሲላቸው በእጃቸው ከደኑት። ደስታው ያን ያህል ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ የኋላ ቀኙ ጡት ድንጋይ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ስነካው መፋጀቱ ቀርቷል፤ ቀዝቅዟል፤ ቆዳው ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ጡቱ እየሞተ ነው፤ ይህን መጽሐፉ ላይ አንብቤያለሁ። ፍቃዱ መጥቶ ነካው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየን መርፌውን አዘጋጀ። «ከአሁን በኋላ ከዚህች ላም አንድ ጠብታ ለልጅ አይሰጥም» አለ። እትዬ አስካለ ኩባያዋን ከመስኮቱ ላይ አንስተው ወደ ቤት አስገቧት።

ማታ ሻሺቱ ተኛች፤ አልተነሳችም። ጋሽ በቀለ ከራሳቸው ላም ወተት በባልዲ ይዘው መጡ፤ ጣታቸውን ባልዲው ውስጥ ነክረው እንድትጠባው ለጥጃዋ ሰጧት። ጥጃዋ ባልዲውን እስኪጮኽ ላሰችው። ሕያት የስኳር ውኃ ሲሰጧት አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ በቀለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ለእርሳቸው በማይመስል ዝግ ያለ ድምፅ፣ «ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች አሉ። ሳትሞት ብትታረድ ቢያንስ የጥጃ መግዣ ይወጣታል» አሉ። እትዬ አስካለ ሰሙ።

«በመርፌ የተወጋች፣ ደሟ የተመረዘ ላም ለፋሲካ ሰው ላብላ? እርስዎ ይበላሉ?»

ጋሽ በቀለ ቆባቸውን አወለቁ። «አልበላም፣ አስኩ።»

ከሰዓት በኋላ ደንበኞቹ መምጣት ጀመሩ። አንድ በአንድ በሩ ላይ ተሰለፉ፤ አንዳንዱ ጣሳ፣ አንዳንዱ ትንሽ ባልዲ ይዟል። አዲስ የታጠበ ነጠላቸው ይሸታል፤ ልጆቹ አዲስ ሸራ ጫማቸውን አቧራ እንዳይነካው በእግራቸው ጫፍ ይቆማሉ። ውስጥ የሆነውን አያውቁም። እኔ በረት ውስጥ የሻሺቱን ራስ ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር። እየተቀላለዱ ወረፋ ሲጠብቁ ሰማኋቸው። የሻሺቱ ትንፋሽ በመካከሉ ረዘመ፤ ሌላው ሳይመጣ ቀረ። ወደ በሩ ሄጄ ለእትዬ አስካለ በዓይኔ ነገርኳቸው። መዝጊያውን ገርበብ አድርገው፣ «ወተት የለም። እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ ለሁሉም። ሰው ግን አልሄደም፤ ጣሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አጥሩ ላይ አባ ኮዳው ነበር።

የሕያት ልቅሶ የመጣው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ልቅሶም አይባልም፤ የድመት ግልገል ድምፅ ይመስላል። ሸምሱ ወጥቶ ግቢው መካከል ቆመ። ጋሽ በቀለ ለጥጃዋ ያመጡት ባልዲ እዚያው ነበር፤ ከሥሩ ጥቂት ወተት ቀርቷል። ማን መጀመሪያ እንዳየው አላውቅም። ሁላችንም አየነው።

«የሌላ ላም ነው» አለ ሸምሱ።

«ሌላ ምን አለ?» አለች ራድያ። ከአጥሩ ማዶ ሄዳ አዲስ አሳልባ መጣች፤ ራሷ አፈላችው፤ ራሷ አቀጠነችው፤ ኩባያዋን ከእትዬ አስካለ እጅ ተቀብላ በማንኪያ ትሰጣት ጀመር። ሕያት ጠጣች። ጨረሰች። እኛ ግድግዳው ሥር ተቀምጠን ጠበቅን፤ ፍቃዱም መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። ፀሐይ ከበረቱ ጣራ ወረደች። ልጅቱ አገሳች። እናቷ ደረት ላይ ፊቷን አሻሸችና ተኛች። አላስመለሰችም። ያን ማታም፣ በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላም አላስመለሰችም።

እትዬ አስካለ የተኛችውን ልጅ ብዙ አዩ፤ ከዚያ ተነስተው ወደ በረቱ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉ።

ከዚያ ወዲያ ላም አላረቡም። ጥጃዋን ጋሽ በቀለ ወሰዷት። ግቢው አሁን መጋዘን ነው። እትዬ አስካለ ቱሉ ዲምቱ ከእኅታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «ያቺ ሕያቴ እንዴት ሆነች?» ይሉኛል። ደህና መሆኗን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አንዲት ላም ለአንዲት ልጅ። አልበዛም።»

አሁን የያኔዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ራድያ፣ ሸምሱ፣ ፍቃዱ፣ ጋሽ በቀለም በሕይወት ካሉና ዓይንዎ ማንበብ ካልተወ፣ ያጎደልኩትን ሙሉ፤ የተሳሳትኩትን አርሙ። ከሁሉ በፊት ግን ስለዚያ ቢጫ ጀሪካን ንገሩኝ። ወተቱን ከበሰቃ ያመጣው ማን ነበር? በማለዳ የታለበ ነው ወይስ ያደረ? ፀሐይ ላይ ምን ያህል ቆየ? ጀሪካኑ ከዚያ በፊት ምን ተይዞበት ነበር፣ ዘይት ነው፣ ጋዝ ነው፣ ወይስ ውኃ ብቻ? ጥፋቱ የጀሪካኑ ከነበረ የላም ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው። ለሕያት መልስ ቃል ገብቻለሁ፤ ልጅቱም ማወቅ ይገባታል።

የምታስታውሱትን ለእኔ ላኩልኝ። እትዬ አስካለን ግን አትጠይቋቸው።